ሚዛኑ ተበላሽቷል

«ዘ ቢገስት ሉዘር» በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ውድድር ሰው በሳምንት አምስት ኪሎ ጥሎ በደስታ ሲያለቅስ ያየችው ጎረቤቴ፣ ቅቤና ስኳር በተወች በሳምንቷ ሚዛን ላይ ወጣች። ሦስት መቶ ግራም! ያውም ጫማዋን አውልቃ። የተወዳዳሪዎቹ ሥራ ከሥራ ገበታ ርቀው፣ በአሠልጣኝ ጩኸት ቀኑን ሲሮጡ መዋል ነበር፤ እሷን የሚያሯሩጣት ታክሲ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት 14 ተወዳዳሪዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመዝን፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም ከጣሉት ኪሎ መልሰው አንስተዋል። ሰውነታቸውም ከሚጠበቀው በቀን 500 ያህል ካሎሪ ያነሰ ያቃጥል ነበር። ይሄኛው ምዘና ከበሮም ጭብጨባም አልነበረውም። ይህንን ስነግራት «ተወው፣ የኔ ሚዛን ነው የተበላሸው» ብላ አዲስ ልትገዛ ወጣች።