«እዚችው ናት»፦ በአንድ የርቀት መለኪያ ላይ የተደረገ የመስክ ጥናት

በአገራችን የርዝመት መለኪያዎች ላይ የሚጽፉ ሰዎች ስንዝርን ያነሣሉ፤ ክንድን ያነሣሉ፤ ጊዜ ከተረፋቸው የአንድ ቀን የበቅሎ መንገድንም ያክላሉ። ከሞያሌ እስከ ሁመራ ያለ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ያለ ማኅተምና ያለ ደረሰኝ ዛሬም የሚሠራበትን መለኪያ ግን አንዳቸውም አልነኩትም። እሱም «እዚችው ናት» ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ባለፈው ሚያዝያ አንድ የጥናት ቡድን ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተንቀሳቅሷል። ቡድኑ ሦስት አባላት ነበሩት። አንደኛው ጸሐፊው ነው። ሁለተኛው ለጉዞው ሲል ነጭ ጫማ የገዛ የሥራ ባልደረባው ነው። ሦስተኛው የጸሐፊው አጎት ናቸው፤ ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል፤ በደረት ኪሳቸውም በፕላስቲክ የተጠቀለለች አሮጌ የአንድ ብር ኖት ነበረች። የጥናቱ ወጪ የተሸፈነው ከጸሐፊው ደሞዝ ሲሆን፣ ደሞዙ በጥናቱ ውጤት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ የለም፤ አቅሙም አይፈቅድለትም።

ስለ ብሯ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በተሠራጩት የብር ኖቶች ላይ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአንድ ብሯ ፊት የአንድ ልጅ ምስል፣ ጀርባዋ ደግሞ ወፎችና የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነበሩ። በዚያች ብር ላይ ፏፏቴው በጋም ሙሉ ነው፤ ክረምትም ሙሉ ነው። በ2010 የአንድ ብር ሳንቲም ሲመጣ ወረቀቷ ከገበያ እየጠፋች ሄደች፤ አጎቴ ግን አንዷን አስቀርተዋል። የጉዟቸውን ዓላማ ሲጠየቁ «ላመሳክር» ብለዋል። ቡድኑ ከዚህ የተሻለ የምርምር ጥያቄ አልነበረውም።

በጥናቱ ንድፍ ላይ «ቦይ እየተከተሉ በደን ውስጥ የሚደረግ ጉዞ» የሚል ሐረግ ነበረ። ቦታው ላይ የተገኙት በአብዛኛው ባሕር ዛፎች፣ ጥቂት ሾላዎችና ላሞች ያረፉበት አንድ ዋርካ በመሆናቸው «ደን» የሚለው ቃል «ዛፍ ያለበት» በሚል ተተክቷል። «ቦይ» የሚለው ግን ባለበት ጸንቷል። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ጸንቷል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዋናው መረጃ ሰጪ ዕድሜው 11 ወይም 12 የሚሆን፣ ማንም ሳይቀጥረው ሥራ የጀመረ ልጅ ነው። ትኬት ከቆረጥንበት ቦታ ጀምሮ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር፤ ስንቆም ይቆማል፤ ስንቀመጥ ያዝንልናል። «ስንት ደቂቃ ይወስዳል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ደቂቃን ሳይነካ፣ «እዚችው ናት» አለ። ሰዓት ተያዘ። የመጀመሪያዋ እዚችው 26 ደቂቃ ፈጀች። ሁለተኛዋ፣ ከዚያው ልጅ አፍ፣ በዚያው ድምፅ የወጣች፣ 9 ደቂቃ ነበረች። ሦስተኛዋ አላለቀችም፤ በአራተኛዋ ተተካች።

ከዚህ በመነሣት መለኪያው የተዛባ ነው ብሎ መደምደም የችኩል ሥራ ነው። ጸሐፊው በቀረጻ ደጋግሞ እንዳዳመጠው፣ ትክክለኛው ርቀት ያለው በቃሉ ውስጥ ሳይሆን በአናባቢው ርዝመት ውስጥ ነው። «እዚችው» በአጭሩ ከተባለ ቦታው በዓይን ይታያል። «እዚ—ችው» ከተባለ አንድ ጉብታ አለ። «እዚ———ችው» ከተባለ፣ በተለይ ተናጋሪው አገጩን ወደ ላይ ካነሣና ከንፈሩን ካሞጠሞጠ፣ ውሃ መያዝ ይገባል። «ወዲያ»ም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል፤ «ወዲያ———» ብሎ ትንፋሹ ያለቀበት ሰው ከተገኘ፣ አድማጩ ጉዞውን ቢያሳድር ይመረጣል። ከተማ ያደገ ሰው ይህን መለኪያ የሚሰማው እንደ ቃል ነው፤ ስለዚህ ይደክማል። የገጠር ሰው የሚሰማው እንደ ዜማ ነው።

ከእዚችው ቀጥሎ «ደርሰናል» ይመጣል። ሰዋስው እንደሚያስተምረን «ደርሰናል» ያለቀ ድርጊትን ይገልጻል። በመንገድ መሪ አፍ ግን ያልተጀመረ ዳገትን ይገልጻል። ይህ የጢስ ዓባይ ልጆች ጠባይ ብቻ እንዳይመስል፣ አስተናጋጅ «መጣሁ» ሲል ጀርባውን ሰጥቶን እየሄደ መሆኑን፣ የቀጠርነው ሰውም በስልክ «ደርሻለሁ» ሲል ፊቱን እየታጠበ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ግሦቻችን ከእግራችን ቀድመው ይደርሳሉ።

ባልደረባዬ በዚህ ክፍል ላይ የተለየ አስተያየት አለው። ጫማው ነጭ መሆኑን ያቆመው በሁለተኛዋ እዚችው ላይ በመሆኑ አስተያየቱ ከሳይንሳዊ ሚዛን ውጭ ተደርጎ ተወስዷል።

ሁለተኛዋ እዚችው ያለቀችው አላታ ድልድይ ላይ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራው ይህ ድልድይ ዓባይ ጠቦ በገደል በሚያልፍበት ቦታ ላይ ቆሟል። ከድልድዩ በኋላ ዳገት ነው፤ ከዳገቱ ጋር ሻርፕና ያጌጠ ቅል የሚሸጡ ልጃገረዶች አሉ። እነሱ አይሸጡም፤ ቃል ያስገባሉ። «ስትመለስ ከኔ ትገዛለህ፣ እሺ?» እሺ ያለ ሰው ተመዝግቧል። ጸሐፊው ዳገቱን ሲጨርስ ለአምስት ሰው እሺ ብሎ እንደነበር በኋላ በመልስ ጉዞው ተረጋግጧል፤ ሁሉም መልኩን ለይተው፣ የለበሰውን ቀለም ጠርተው፣ ያለ ወረቀት መስክረውበታል። ይህን የመሰለ መዝገብ አያያዝ ያለው መሥሪያ ቤት ጸሐፊው አላጋጠመውም።

አሁን ወደ ውሃው። ስለዚህ ፏፏቴ ከጻፉት የውጭ ሰዎች መካከል ሁለቱ ተጣልተዋል። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አገራችን የኖረው፣ ከሚወርደው ውሃ ጀርባ ከቋጥኙ ሥር ገብቶ እንደተቀመጠና ከዚያ ሆኖ ቀስተ ደመና እንዳየ ጻፈ። በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ደግሞ ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው አለ፤ በዚያ የውሃ ብርታትና በዚያ ጥልቀት ማንም ሊቀመጥ አይችልም። ሎቦ ከሞተ ወደ መቶ ዓመት ሊሞላው ስለነበር መልስ አልሰጠም።

ክርክሩ የተፈታው በጽሑፍ አይደለም፤ በኮንክሪት ነው። በ1964 የጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ 11.4 ሜጋ ዋት። በ1996 ከጣና በሚወጣው ውሃ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ2001 ቁጥር ሁለት ተከተለ፤ 73 ሜጋ ዋት። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ በቦይ ይሄዳል፤ ተርባይን ይመታል፤ ከፏፏቴው በታች ተመልሶ ወንዙን ይቀላቀላል። ስለዚህ «ውሃው ጠፋ» የሚባለው ስሕተት ነው። ውሃው አልጠፋም፤ በአቋራጭ አልፏል። ፏፏቴውን የሚያህል ገደል ሳይወድቅ መውረድ የሚያስችል መንገድ ከተገኘ፣ ከእኛስ ማን አይገባበትም? በደረቅ ወራት የዛሬ ጎብኚ ሎቦ ተቀመጥኩበት ካለው ቦታ አጠገብ ዱካ ይዞ መሄድ ይችላል። ብሩስ በራሱ ዘመን ትክክል ነበር፤ ሎቦ ቸኩሎ ተወለደ።

የቁመቱም ነገር አለ። ብሩስ ረጃጅም እንጨቶችን አቁሞ እንደገመተው ፏፏቴው ወደ 40 ጫማ ነው፤ 12 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ዛሬ ለጎብኚ የሚነገረው ከ40 ሜትር በላይ መሆኑን ነው። በዚህ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ አርባነቱ አልተነካም፤ የተለወጠው ጫማው ብቻ ነው። ይህ አርባ በአንድ ብዕር ከጫማ ወደ ሜትር መዝለል ከቻለ፣ እዚችው በአንድ ትንፋሽ ከ9 ደቂቃ ወደ 26 ብትዘል ምን ይገርማል?

በ2010 ሌላ ነገር ተጨመረ። 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተከፈተና ውሃው ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ከሐይቁ በጓሮ በር መውጣት ጀመረ። ይህኛው ውሃ ጢስ ዓባይ ድረስም አይመጣም። ወደ በለስ ወንዝ ይገባል፤ በለስና ዓባይ ኋላ፣ እሩቅ ቆላ ላይ፣ ለቅሶ ላይ እንደሚገናኙ ዘመዶች ይገናኛሉ። የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ሥራቸው ሲቀንስ ፏፏቴው ጥቂት ውሃ መልሶ አግኝቷል። የቡድኑ አባላት በየቤታቸው ስላለው መብራት ተጠይቀው ነበር፤ መልሱ ሜጋ ዋቱን ስለማያግዝ አልተካተተም።

ከዳገቱ በኋላ መንገዱ የሸንኮራና የጫት ማሳዎችን ይቆርጣል። በማሳዎቹ መሀል በአካፋ የተቀደዱ ጠባብ ቦዮች አሉ። እዚህ ላይ ጸሐፊው የጥናቱ ብቸኛ ግኝት ነው ብሎ የሚያምንበትን ነገር አስተውሏል። ወደ ማመንጫው የሚሄደው ውሃ በወጉ የተሠራ፣ እንቅፋት የሌለው መንገድ አለው። ወደ ሸንኮራው የሚሄደው ውሃ ትንሽ ቢሆንም የተስተካከለ፣ በየቀኑ የሚጠረግ መንገድ አለው፤ በብዙ የመስኖ አገር እንደሚታየው የውሃ አባት ተመርጦለት፣ ተራ ወጥቶለት፣ ሳር ቢዘጋው የሚቆጣለት ሰው ያለው መንገድ። የቡድኑ አባላት የሚሄዱበት ግን ክረምት ላይ ጎርፍ የቆፈረው፣ ድንጋይ የተንከባለለበት፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ጉልበት የሚያስገባ ቦይ ነው። ውሃው በሰው መንገድ ይሄዳል፤ ሰው በውሃ መንገድ ይሄዳል። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ወደ መስኖው ቦይ ተሻግሮ በጠርዙ ላይ መሄድ ጀመረ፤ አንድ ገበሬ ግን ከሩቅ «የኔ ወንድም፣ ቦዩን ታፈርሰዋለህ!» ብለው መለሱት። መንገዱን ታፈርሰዋለህ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ አልተገኘም።

አራተኛዋ እዚችው፣ ከሁለት ደርሰናል በኋላ፣ ፏፏቴው ፊት ለፊት አወጣችን።

ቦታው ጢስ እሳትም ይባላል። ስሙ ጢስም እሳትም ቃል ይገባል። በሚያዝያ የታየው ጢስ ከአንዲት ቡና አፍዪ ምድጃ የሚነሣ ነበር፤ እሳቱም የእሷ ነው። ቡናው ጥሩ ነበር። ከፊታችን የቆመው ጥቁር ቋጥኝ ሰፊ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃው እስከ 400 ሜትር ይሰፋል የሚባልለት። በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ፣ በአንድ ወገን፣ አንዲት አጣቢ ለማድረቅ ያሰጣቻትን ነጠላ የምታህል ውሃ ትወርድ ነበር። ነጠላዋ ታምራለች። ይህን ከልብ ነው የምጽፈው፤ ለማሾፍ የመጣ ሰው እንኳ ቆሞ ያያታል።

አጎቴ ጃንጥላቸውን ዘግተው ብሯን አወጡ። በግራ እጃቸው ከፍ አድርገው ያዟት፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ብሯን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ራሳቸው አደረጓት። ይህ ወደ ሁለት ደቂቃ ቆየ። ከዚያ «ቋጥኙ ልክ ነው» አሉ። ስለ ውሃው አልተናገሩም። ወፍ አለመኖሩንም አላነሡም፤ ጸሐፊው ግን መዝግቦታል።

«ውሃው መቼ ነው የሚሞላው?» ተብሎ መረጃ ሰጪው ተጠየቀ።

«ክረምት ላይ።»

ሚያዝያ 14 ነበር። «ክረምት መቼ ነው ታዲያ?»

ልጁ ሰማዩን አየ፤ አገጩን አነሣ። «እዚችው ናት» አለ። አናባቢው አጭር ነበር። መለኪያው ለዘመንም እንደሚያገለግል የታወቀው በዚህ አጋጣሚ ሲሆን፣ ለሌላ ጥናት ተቀምጧል።

ስንነሣ አጎቴ ለልጁ የሚገባውን ሰጡት፤ ጨምረውም ብሯን ከፕላስቲኳ አውጥተው እንዲያያት አቀበሉት። ልጁ በዚህ ዓይነት ብር ገዝቶ አያውቅም፤ ብሯ ገበያ ላይ ሳለች ገና አልተወለደም ነበር። ፊቷን አየ፤ ፊቷ ላይ ያለው ልጅም አየው። ገለበጣት። ጣቱን በወፎቹ ላይ አሳልፎ ከሥራቸው ባለው ነጭ ነገር ላይ አቆመ።

«አባባ፣ ይኼ የት ነው ያለው?»

አጎቴ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተክለው፣ በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው ትንፋሽ እስከ ቻሉት ድረስ አርዝመው፣

«እዚ———————ችው» አሉ።