ከሰባት ሰዓት በኋላ ልክ አንቀበልም

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቶ በልክ ለሚኖር ሰው ጠላቱ ሙቀት አይደለም፤ ጫት ነው። ከአገር ቤት የሚመጣው ጫት ቀትር አለፍ ሲል ከተማ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚታዘዝ ቁም ሳጥን ሁሉ ጣሪያ ይነካል። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቱ ዓይኑን እያሸ መጥቶ "ይኼን ያህል እንኳ አላልኩም" ይላል። ስለዚህ በራችን ላይ ለጠፍን፦ ከሰባት ሰዓት በኋላ ልክ አንቀበልም።

አንዱ ተቆጣ። "እኔ እኮ አልቅምም!"

"ምርቃናው እንግዲያ የተፈጥሮ ነው። ለማንኛውም ጠዋት ና።"

ሕጋችን አጭር ነው። ስዕል ያልወጣለትን ሳንቃ መጋዝ አይነካውም፤ ልኩ በሚሊ ይጻፋል፤ ደንበኛው ይፈርማል። ደንበኛ ግን ስልኩን ደቅኖ ነው የሚመጣው፦ "ይኼን የመሰለ።" ወንድሜ፣ የሙሽራ ፎቶ አይቶ ጫማ የሚሰፋ ካገኘህ እኔም በፎቶ እሠራልሃለሁ።

ሌላው ደግሞ አባቱ የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። "ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ብቻ ሰፋ አድርገው" አለኝ።

"የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1435 ሚሊ ነው። አባትህም 'ሰፋ አድርገው' እያሉ ቢሠሩ ኖሮ ባቡሩን ከአሊ ሳቢህ በግመል እንጎትተው ነበር።"

ፈረመ።

ከፍታውን በሁለት ቀን ሦስቴ የቀየረው ሰውዬም ነበር። "ፍራንካችን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ብሎ ተቸንክሯል፤ አንተ እስከ ዓርብ እንኳ መቆም አቃተህ?" አልኩት። ሳቀ፣ አራተኛ ጊዜም ቀየረው። ጥፋቱ ግን የኛ ሆነ፤ አዲሱን ስዕል አሮጌው ላይ ደርበን ሰቀልነው፣ ረዳታችን ልጅ ከሥር ያለውን አንብቦ ቆረጠ። ሁለት ስዕል በአንድ ምስማር፣ ሁለት ሚስት በአንድ ጓዳ! ከዚያ ወዲህ አሮጌው ስዕል እፊቴ ይቀደዳል።

ይኸው ልጅ ነው "ጋሼ፣ 2 ሚሊ ምን አላት?" ያለኝ።

"መሳቢያውን ጠይቀው። እሱ ካልነገረህ ጎዳ ተራራ ውጣና ከዳይ ደን አንድ ጥድ ለምነህ አምጣ።" (ጥዱ ራሱ እየደረቀ ነው፤ የኛ እንጨት በመርከብ የሚመጣው ወደን መሰላችሁ?)

ፈረንሳይኛ የሚቀናው አርሙዋር ይለዋል፣ ሶማሌው ጎረቤቴ አርማጆ፣ እኔ ቁም ሳጥን። 600 ሚሊ ግን በሁሉም አፍ 600 ነው።

ትናንት ማታ ስንዘጋ በሩ እምቢ አለ። ወበቁ አሳብጦት ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል።

"ጋሼ፣ የዚህ በር ስዕሉ የታለ?"

ዝም።

"ክፍተቱ ስንት ሚሊ ነበር የተባለው?"

ዝም።

"በስንት ሰዓት ነው የተለካው?"

"መላጊያውን አቀብለኝ!" አልኩት።