አፕዴትን ላልተወሰነ ጊዜ ለማስተላለፍ የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር፦ በኋላ ይሞላል

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ላፕቶፕ ያለህ፣ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር እንደ ግልህ የምትጠቀም፣ በጎረቤት ዋይፋይ የምትኖር፣ ሁላችሁም ስሙ!

እኛ፣ በስክሪኑ ጥግ ብቅ የምትለውን መስኮት ሳናነብ "በኋላ አስታውሰኝ" የሚለውን በመጫን የታወቅን የኮምፒውተር ባለቤቶች፤

ማይክሮሶፍት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ የዊንዶውስን ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት እየለቀቀ ዕረፍት ስለነሳን፤

አፕዴቱ ፓኬጅ ስለሚበላ፣ ፓኬጁ ደግሞ የተገዛው ለቲክቶክ በመሆኑ፤

"ሪስታርት ላድርግ?" ብሎ የሚጠይቀን ምንጊዜም ሪፖርት ልናስረክብ አሥር ደቂቃ ሲቀረን ስለሆነ፤ ሲስተሙ እየሠራባቸው ያሉትን ፋይሎች ሳይጠፋ ሊተካቸው አይችልም የሚለው ማብራሪያም የአለቃችንን ጠባይ ከግምት ያላስገባ ሆኖ ስለተገኘ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ "የነገ አዋጅ" ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ዛሬ መጥቀስ ክልክል ነው።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ "ባለሙያ" ማለት ዊንዶውሱን ፎርማት አድርጎ፣ በክራክ አክቲቬት አድርጎ፣ "ክራኩን እንዳያበላሽብህ" ብሎ አፕዴቱን ከነአካቴው የዘጋልን የሰፈር ልጅ ነው። "ቫይረስ" ማለት ደግሞ በሌላ ሰው ፍላሽ ላይ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው።

አንቀጽ 3። የሌባው መብት
የአዋጁ ዋና አንቀጽ ይህ ስለሆነ አንባቢው ድምፁን ከፍ ያድርግ።

ቀዳዳው የሚደፈንበት ቀን፣ ቀዳዳው የት እንደነበረ ለዓለም የሚነገርበትም ቀን ነው። እኛ መስኮቷን ስንዘጋ ሌባው አፕዴቱን ያወርዳል። የድሮውን ፋይልና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ምን እንደተቀየረ ይፈልጋል። ሦስት መስመር ተጨምሮ ያገኛል፤ ከሌላ ቦታ የሚመጣው መረጃ ከተመደበለት ልክ አለመብለጡን የሚያረጋግጡ ሦስት መስመሮች። "አሃ! እስከ ትናንት አያረጋግጥም ነበር ማለት ነው" ይላል፤ መክፈቻውንም ከዚያው ይሠራል። ከማክሰኞ ማግስት ያለው ቀን በሙያው ሰዎች ዘንድ የጠላፊዎች ረቡዕ እየተባለ ይቀለድበታል። ቀልዱ ግን በእኛ ላይ ነው።

ስለሆነም አፕዴትን ከአምራቹ ቀጥሎ በሙሉ ልብ የሚያነበው ሌባው ብቻ መሆኑ ተረጋግጧል። ይህን ያህል ደክሞ ሲመጣ ቀዳዳው ተደፍኖ ቢጠብቀው ነውር ነው። ቀዳዳው ሳይታወቅ ያልደፈነ ሰው ምስኪን ይባላል፤ ከታወጀ በኋላ ሳይደፍን የቆየ ግን እንግዳ ተቀባይ ተብሎ ይመዘገባል።

አንቀጽ 4። አርአያዎቻችን
መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ፋይል በሚጋሩበት አሮጌ አሠራር ላይ የነበረውን ቀዳዳ ደፈነ። ሚያዝያ 6 የዚያው ቀዳዳ መክፈቻ፣ ከአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ የወጣ ነው የተባለው፣ ራሱን "ሻዶው ብሮከርስ" ብሎ በሚጠራ ቡድን እጅ ኢንተርኔት ላይ ተዘረገፈ። ግንቦት 4፣ ዓርብ ቀን፣ ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም መጣ። ማንም ምንም ሳይጫን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዘለለ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ማሽኖች ውስጥ ገባ፤ ፋይሉን ቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን ጠየቀ፤ በሦስት ቀን ያልከፈለ ደግሞ 600። በእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች ወደ 19,000 የሚጠጋ ቀጠሮ እንደተሰረዘ ተገምቷል።

መድኃኒቱ ሁለት ወር ገደማ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ከተመቱት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የሚጠቀሙ፣ አፕዴቱ በነጻ የቀረበላቸው ነበሩ። እነዚህን ወገኖች ቋሚ የክብር አባል አድርገናቸዋል።

(ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር እንመዝግብ፦ ከራጅ ማሽን ጋር የተገናኘን ኮምፒውተር ሐኪሙ ተነስቶ አፕዴት አያደርገውም፤ የማሽኑ አምራች መሞከርና መፍቀድ አለበት። እኛ ስናስተላልፍ የከረምነው ግን የሰርግ ቪዲዮ ያለበትን ላፕቶፕ ነው።)

አንቀጽ 5። መብራት ስለማጥፋት
ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ከዩክሬን ተነስቶ፣ ያንኑ በመጋቢት የተደፈነ ቀዳዳና የተሰረቁ የይለፍ ቃሎችን እየተጠቀመ፣ ሜርስክ የተባለውን የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ አንበረከከው። የመላው ኩባንያ ተጠቃሚዎች የሚመዘገቡባቸው ሰርቨሮች በየአገሩ ተጠራርገው ሲጠፉ አንዲት ብቻ ተረፈች፤ ጋና ያለችው። የተረፈችውም መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው! ኩባንያው 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ሲጭን መነሻው ይህችው ሆነች።

ከእንግዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ማማረር ተከልክሏል፤ "ሲስተም የለም" የሚል የመስኮት ሠራተኛም የደህንነት መኮንን ማዕረግ ይሰጠዋል።

አንቀጽ 6። ማስረጃ ስለማቅረብ
"አፕዴት ለምን አታደርግም?" የተባለ ሰው ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.ን ይጥቀስ። የክራውድስትራይክ የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ አስቀርቶ አውሮፕላን ያስቆመው ያን ቀን ነው። ፋይሉ የአንድ የደህንነት ድርጅት እንጂ የማይክሮሶፍት የማክሰኞ አፕዴት አልነበረም ብሎ የሚከራከር ሰው ከስብሰባው ይውጣ።

አንቀጽ 7። ስለ ጡረተኞች
የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። አፕዴት የማይመጣለት ኮምፒውተር አዋጁን ያለ ድካም የፈጸመ ስለሆነ ይመስገን።

አንቀጽ 8። ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቶች
በወረዳው በር ፊት ለፊት ያለችው ጸሐፊ የደንበኛውን ፍላሽ ሰክታ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ስታየው "ፍላሽህ ቫይረስ አለው" የማለት ሙሉ ሥልጣን አላት። ፍላሹ እሷ ኮምፒውተር ላይ ከመሰካቱ በፊት ንጹሕ ነበር የሚል አቤቱታ ተቀባይነት የለውም። "ዊንዶውስን አክቲቬት አድርግ" የሚለው ደብዛዛ ጽሑፍ በስክሪኗ ቀኝ ጥግ ለሦስተኛ ዓመት ተቀምጧል፤ እንደ ንግድ ፈቃድ ተቆጥሮላታል።

አንቀጽ 9። የተሻሩ ሕጎች
አፕዴቱን ሌሊት፣ ሰው ሲተኛ፣ በራሱ ጊዜ እንዲጭን ማዘዝ ይቻላል የሚል ማንኛውም ምክር ተሽሯል። እንዲህ ቀላል ከሆነ እኛ ምን ምክንያት ይቀረናል?

አንቀጽ 10። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ከወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ማግስት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

አዋጅ ግልባጭ የለውም፤ እኛ ግን ግልባጭ የሌለው ወረቀት ማኅተም ቢኖረውም አያረካንም።

ግልባጭ፦
ለባለሙያው፣ ክራኩን እንዲጠብቅ፤
ለፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በአሥር ኮፒ፤
ለሌባው፣ ማክሰኞ ማታ ራሱ አውርዶ ስላነበበው አልተላከም።