ጭሱ ከስኮትላንድ ሲመጣ

ቦሌ ካሉት ደህና ደህና መጠጥ ቤቶች በአንዱ፣ አርብ ማታ የውስኪ ጠርሙስ ሲወርድ ያላየ ሰው ስለ ሥልጣኔ ባያወራ ይሻለዋል። መብራቱ ይደበዝዛል፤ አስተናጋጆች በሰልፍ ይመጣሉ፤ ጠርሙሱ አንገት ላይ ርችት ይንቦገቦጋል። እልል የሚል ሰው ብቻ ነው የሚጎድለው። አስተናጋጁ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ካሳረፈ በኋላ ሌብሉን ወደ ከፋዩ ሳይሆን ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ አዙሮ ያስተካክለዋል። ልክ ነው። ከፋዩማ የገዛውን ያውቃል፤ ማወቅ ያለባቸው ያልገዙት ናቸው።

ስኮቾች በሕጋቸው ውስኪ የሚሉት ኦክ በርሜል ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት የተኛውን ነው። እኛ ዘንድ በየጠረጴዛው የሚወርደው ብላክ ሌብል ደግሞ ከተቀላቀሉት ውስኪዎች ትንሹ እንኳ 12 ዓመት የሞላው ነው። ይህን 12 ዓመት የተጠበቀ መጠጥ የእኛ ሰው ሬድ ቡል ቸልሶበት፣ በረዶ አፍሶበት በአንድ ትንፋሽ ይልከዋል። ነቃፊዎች «ታዲያ ያ ሁሉ ዓመት ምን ሊሆን ነው?» ይላሉ። አልገባቸውም። ዕድሜው እንዲነበብ እንጂ እንዲቀመስ መች ተጻፈ?

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። የመጠጥ ነጋዴዎች ያን ሰሞን ምን ያህል እንደደነገጡ እንጃ፤ መደንገጥ ግን አልነበረባቸውም። ጠጪው ራሱ ጠርሙሱን አቅፎ፣ ሌብሉን ወደ ካሜራ አዙሮ፣ ቲክቶክ ላይ ሥራውን ተረክቧል፤ ለዚያውም በነፃ፣ ለዚያውም ዕቃውን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ። እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ የትኛው ፋብሪካ አለው?

ጠርሙሱ ባዶ ሲሆንም ግዳጁ አያበቃም። ዕድለኛው ቤት ገብቶ ቡፌ ላይ ይሰየማል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አቧራው ይጠረግለታል። ዕድለኛ ያልሆነው በቆራሌው ጆንያ ያልፍና፣ አንዳንዴም ሰው በማያየው ጓዳ በማይታወቅ ፈሳሽ ተሞልቶ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። ይህን «ፎርጅድ» እያሉ ማማረር ግን ግፍ ነው። ሰውየው የገዛው ሌብሉን ነው፤ ሌብሉ ደግሞ እውነተኛ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ተራው ጠጪ ነው። ከዚህ ከፍ ያለም አለ፤ አዋቂው። እሱ ርችት አይወድም። ዱብሊን ወይም ዋሽንግተን ጥቂት ከርሞ የተመለሰ፣ ሻንጣው ውስጥ ካልሲ የጠቀለለበት ጊነስ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ሐረር የተጠመቀውን ሐኪም ስታውት ብትጋብዙት ጠርሙሱን አገላብጦ አይቶ ፈገግ ይላል። ጥቁር ቢራ ባሕር መሻገር አለበት። የራሱን በዝግታ ይቀዳል፤ አረፋው እስኪረጋ ብርጭቆውን ትኩር ብሎ ያያል፤ ከዚያ ፉት ይልና «ይሰማሃል? የተቆላ ገብስ። ትንሽ ቡና ቡና፣ መጨረሻው መረር የሚል» ይላል።

ይሰማኛል እንጂ! የጊነስ ጥቁረት የሚመጣው ተቆልቶ ከጠቆረ ገብስ ነው። የዚህ ሰው እናትም ለፋሲካ ጠላ ስትጠምቅ እህሉን ምጣድ ላይ አጥቁራ ቆልታ ደረቆት ታዘጋጅ ነበር፤ ምሬቱን ከጌሾው ታመጣ ነበር። ያኔ ልጇ ጓደኞቹ ሲመጡ ጣሳውን ከአልጋ ሥር ይሸሽግ ነበር። ምን ያድርግ፣ የእናቱ ገብስ ፓስፖርት አልነበረውም።

ውስኪ ላይ ሲደርስ ደግሞ የባሰ ይራቀቃል። ኢስሌይ የምትባል የስኮትላንድ ደሴት አለች፤ እነ ላፍሮይግና አርድቤግ የሚመጡባት። እዚያ ብቅሉን የሚያደርቁት ከረግረግ ተቆፍሮ በወጣ፣ ለዘመናት የበሰበሰ ዕፅዋት ባለበት አፈር ጭስ ነው። አዋቂያችን ያንን ጭስ ለማግኘት የወር ደመወዝ የሚያህል ገንዘብ ያወጣል፤ አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ነክሮ ዓይኑን ይጨፍናል። ጋኑን በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጥነው የጠመቁትን ጠላ ሲቀምስ ግን ፊቱን ያጨማድዳል፤ «ጭስ ጭስ ይላል» ይላል።

ስለ በርሜሉ ሲያወራማ በተመስጦ ነው። በየዓመቱ ከውስኪው 2 በመቶ ያህሉ ይተንናል፤ ስኮቾች ይህን የመላእክት ድርሻ ይሉታል፤ ይህን ሲናገር ድምፁ ይለሰልሳል። አያቱ ከጠላው ለአድባር ጠብ ሲያደርጉ ግን «ኋላ ቀርነት» ብሎ የተቆጣቸው እሱው ነው። መላእክቱ እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ይሆናል።

የዱብሊንን መጠጥ ቤትም አድንቆ አይጠግብም። ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር አግዳሚ ተጋርቶ ይጫወታል፤ ቀጂዋ ደንበኛውን በስሙ ትጠራዋለች፤ ሽማግሌው ጥግ ይዞ ስለ ፖለቲካ ይሳደባል፤ ማንም ማንንም አይታዘብም። «እኛ አገር እንዲህ ያለ ባህል የለም» ብሎ ያዝናል። በእርግጥም የለም። እኛ ያለን ደጃፉ እንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት ጠላ ቤት ነው፤ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር አግዳሚ የሚጋራበት፣ ኮማሪቷ ደንበኛውን በስሙ ብቻ ሳይሆን በዱቤውም የምታውቅበት፣ ስለ እድሩና ስለ ቀበሌው የሚሰደብበት። ምን ያገናኘዋል?

ለትዳር የሚላኩት ሽማግሌዎቻችን እንኳ ሠልጥነዋል። ድሮ ልጅ ሊጠይቁ የሚሄዱት አንደበታቸውን ይዘው ነበር፤ ዛሬ ውስኪ ይዘው ይሄዳሉ። የልጅቷ አባት «እስቲ እንመክርበታለን» እያሉ በጎን ሌብሉን ያያሉ። ሬድ ሌብል ከሆነ ምክሩ ይረዝማል።

ለጠላችን የሚበጀውን አስቤበታለሁ። ጥቂት ጋን ወደ ኢስሌይ ይላክ፤ ወደቡ ላይ ይሰንብት። ይኮመጥጥ ይሆናል፤ ግድ የለም፣ «አሲዱ ጎልቶ ይሰማል» ይባልለታል። ከዚያ አራት ማዕዘን ጠርሙስ ውስጥ ይግባ፤ ሌብሉ ጠመም ተደርጎ ይለጠፍ፤ ቀረጥና ኤክሳይስ ታክስ ተከፍሎበት በቦሌ ይመለስ። አዋቂያችን ገና ሲከፈት ከወንበሩ እንደሚነሣ አልጠራጠርም። አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኮማሪቷ ልማድ ሆኖባት በጣሳ ዋጋ እንዳትሸጠው ቀደም ተብሎ ይነገራት።