ማሰር ካማረዎት ጀልባ ይግዙ!

በእስራኤል፣ አሽዶድ ባሕር ዳርቻ ላይ ሱፍ የሚፈለፍሉ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን “ጋሼ እሰረው” ብለናቸዋል። “የአእምሮ ሕመምተኛ ካልታሰረ አይበርድም!” ይላሉ። ኧረ ጋሼ! ሰው ሻይ መሰለዎት? ማሰር ካማረዎት ጀልባ ይግዙ!

“ጀልባም እኮ በማዕበል ጊዜ ይታሰራል።” ይታሰራል! ግን ጀልባ ደም የለውም። ሰው አልጋ ላይ እጅ እግሩን ተጠፍሮ ሲውል ደሙ ሊረጋ፣ የረጋውም ሳንባ ገብቶ ሊገድል ይችላል። እኛ ሰውየው ይረጋጋ አልን፤ እርስዎ ደሙን አረጉት!

እስቲ ቀና ይበሉ። ማማው ላይ ያለው የዋናተኞች ጠባቂ ማዕበል በመጣ ቁጥር ዋናተኛውን በገመድ ይጠፍራል? ከሩቅ ያያል፣ ባንዲራ ይቀይራል፣ በድምፅ ማጉያ ይጣራል፣ ካልሆነ ዘሎ ይገባል። ጎበዝ ነርስም እንዲሁ ነው። የታካሚው ንዴት ሳይገነፍል ያያል፣ ያናግራል፣ ጸጥ ወዳለ ክፍል ይወስዳል። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይታሰራል። እርስዎ ተረቱን ግማሽ ሰምተው በሬው ላይ ቀሩ!

“ሕጉ ይፈቅዳል!” የእስራኤል የ1991 የአእምሮ ሕሙማን ሕክምና ሕግ ለሕክምና ወይም አደጋን ለመከላከል ከሚያስፈልገው በላይ ማሰርን ይከለክላል። በዚያው በ1991፣ ወገናችንን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ባመጣው በዘመቻ ሰሎሞን፣ አንዱ አውሮፕላን ወንበሩ ተነቅሎ ከ1,000 ሰው በላይ ጭኖ መጣ። ወገን ቀበቶ እንኳ ሳያስር ደርሷል፤ አሁን ማን ይታሰር ነው የሚሉት?

“ሠራተኛው ይጎዳላ!” በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ግዛት የአእምሮ ሆስፒታሎች ከ1990 እስከ 2000 እስራቱን ቀነሱ፤ የሠራተኛው ጉዳት ግን በተለካባቸው ዓመታት አልጨመረም። ፍርሃትዎን ይፍቱ፣ ሰውየውም ይፈታ!

“በአገራችንም ሲታሰር ነው የኖረ።” አገራችን ፈታ ጋሼ! በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ሕክምናው ጤና ጣቢያ ድረስ ሲወርድ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ታካሚዎች መካከል የታሰሩት በ1 ዓመት ከ25 ወደ 11 በመቶ ገደማ ወረዱ። ቤተሰብ ያስር የነበረው ጨክኖ ሳይሆን ሕክምና አጥቶ ነው። እርስዎ ሕክምናው ደጅዎ ላይ እያለ ምን አጡ?

የታመመ ሰው የሚፈልገው ዘመድ ነው። ጋሼ አንድ ፊደል ተሳሳቱና ገመድ ይዘው መጡ!

አንባቢ ሆይ፣ ወገንህ ሆስፒታል ከተኛ ሄደህ ጠይቀው። ታስሮ ካገኘኸውም ጠይቅ፦ ለምን? እስከ መቼ? ሌላስ ምን ተሞከረ?