ለአሸንዳ የሚያጨበጭብ የለም

የዛሬ ሰው ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ይወዳል። ጥገና ሲባል ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሄሎ፣ አይሰማም» እያለ ከስብሰባው ይወጣል። መርካቶ ጭድ ተራ ስነግድ ፀጉሬም ጥርሴም አልቋል፤ የቀረችኝ ትንሽ ትዕግሥት ነበረች፣ እሷንም የቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ጨረሳት።

«አባባን ደግሞ ጀመራቸው» እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ ጀመረኝ።

ቁምስናችን ያለው እምድብር ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ውስጥ ነው፣ ከወልቂጤ አለፍ ብሎ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ከተናገርኩ ነገ በጠዋት ኮሚቴው ሱቄ በር ላይ ተሰልፎ አገኘዋለሁ። ቅዳሴው እዚያ ይቀደሳል፤ ገንዘቡ እዚህ መርካቶ ይዋጣል፤ ውሳኔው ደግሞ እኔ ሱቅ ጓዳ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ይወሰናል። ሕንፃውን ራሱን የምናየው በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል አገር ስንገባ ነው። ያውም ከክትፎ በኋላ። ክትፎ የጠገበ ሰው ቀና ብሎ ኮርኒስ አያይም።

በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያናችን የጭቃ ነበር። በእግሬ ረግጬዋለሁ፣ ጭቃውን ማለቴ ነው። ባሕር ዛፉ ተተክሎ ማገሩ ከተመታ በኋላ አፈር ይቆፈራል፤ ውሃ ይጠጣል፤ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል። ከዚያ እኛ ልጆቹ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን እንገባበታለን። ተረግጦ ለቀናት ይቦካል፤ ጠረኑ ሲለወጥ ደረሰ ማለት ነው። ጭድ ካነሰው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከበዛበት ደግሞ አልይዝም ብሎ ይረግፋል። ልኩን የሚያውቁት እናቶች ነበሩ። አንድ እፍኝ ጨበጥ አድርገው ያዩና «ጨምሩበት» ይላሉ፤ መሐንዲስም ፊርማም ማኅተምም እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ምርጊት፣ እሱ ሲደርቅ ልስን። ክረምቱ ግድግዳውን ይልጠዋል፤ ዝናቡ እንዳባራ ሰፈሩ በሙሉ እጁን ጭቃ ውስጥ ነክሮ የተላጠውን ይመርጋል። ስብሰባ የጠራ የለም፤ ቃለ ጉባኤ የያዘ የለም። ያልመጣ ሰው ካለ ሚስቱ ለአንድ ሳምንት ቡና አትጠራም፣ በቃ።

ጭድ ንቀት አይወድም። ኋላ አዲስ አበባ ገብቼ ልጆቼን ያሳደግኩት በሱ ነው። አህያው ከነጭዱ ሲመጣ ለሳኙና ግድግዳ መራጊው ከኋላው ተከትሎ ይገባ ነበር። የዚህ ከተማ ስንትና ስንት ግድግዳ ጭድ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የቆመው! አሁን ልጆቼ ራሳቸው «አባባ፣ ጭድ ደግሞ ለምን ይሆናል?» ይሉኛል። ለናንተ ትምህርት ቤት ሆኗል እላቸዋለሁ።

ከዚያ ገንዘብ መጣና በብሎኬት እንሥራ ተባለ።

ቤተ ክርስቲያን እንደ ኪዮስክ ዝም ብሎ አይሠራም። የምንተዳደርበት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጁት፣ ያለ ጳጳሱ የጽሑፍ ፈቃድ ቤተ ክርስቲያን አይታነፅም ይላል። ድሮ ማመልከቻችን የሚሄደው አዲስ አበባ፣ ሊቀ ጳጳሱ ዘንድ ነበር። በ1996 ዓ.ም. እምድብር ራሱን ችሎ ሀገረ ስብከት ሆነ፤ አቡነ ሙሴ ገብረ ጊዮርጊስም የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። እልል አልን፤ እኔም አልኩ። ለካ ለኛ ለመርካቶዎቹ ያልታሰበ ወጪ ነው፤ በታክሲ እናደርስ የነበረውን ወረቀት በአውቶቡስ ማድረስ ጀመርን። ሕጉስ ደግ ሕግ ነው፣ ለመሥራት ፈቃድ አምጣ ይላል። ምነው ሳይጠግኑ ለመቀመጥም ፈቃድ ቢያስጠይቅ!

ፈቃዱ ሲገኝ መርካቶ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ጀመረች። የሴራሚክ ነጋዴው ሴራሚክ ሰጠ፣ ያልተሸጠለትን። ከበሩ እስከ መሐል ቡኒ ነው፤ መሐሉ ላይ ዓሣ የተሣለበት የመታጠቢያ ቤት ሰማያዊ ይመጣል፤ ወደ መቅደሱ ሲጠጉ ነጭ ይሆናል። ቆሞሱ «ዓሣ እኮ የጥንት ክርስቲያኖች ምልክት ነው» ብለው አጽናኑን። የቀለም ነጋዴው አረንጓዴ ሰጠ፤ ከሩቅ ያየ ሰው ቀበሌ መስሎት መታወቂያ ለማሳደስ ይገባል። አልሙኒየም የሚሸጠው ወዳጃችን መንታ በር ሰጠ። በሩ ላይ «ይግፉ» የሚል ተለጥፏል፣ የሚከፈተው ግን ሲስቡት ነው። ሠርግ ሲኖር ሙሽሮቹ በሩን ሲገፉ ሚዜው ግንባሩን ይመታል። ደወላችን ከምናለሽ ተራ የተገዛ የከባድ መኪና ቸርኬ ነው። እሱን አልማም። በብረት ሲመቱት በመንደሩ ሰፊ መንገድ፣ በጀፎሮው ላይ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ኳሱን ጥሎ ይሮጣል፤ ከስጦታው ሁሉ ሥራውን የሚሠራው እሱ ብቻ ነው።

ስለ መንበሩ ደግሞ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1965 ከተካሄደው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ በየአገሩ የካቶሊክ መንበር ከግድግዳ እየተላቀቀ ቄሱ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዞሩ። እኛም በጭቃው ቤት አዞርን፤ አዲሱም በዚያው ልማድ ተሠራ። ኋላ አንድ ወጣት ካህን መጡ፤ የተማሩ ናቸው። ሮም እ.ኤ.አ. በ1996 ለምሥራቅ ሥርዓቶች ያወጣችውን መመሪያ አነበቡልን፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ መጸለይ ትልቅ ትርጉም ያለው ትውፊት ስለሆነ ይጠበቅ ይላል። እኛ በግዕዝ ሥርዓት የምንቀድስ ነንና እውነታቸውን ነው፣ መንበሩ ዞረ። ነገር ግን መንበሩ በዞረ ቁጥር ወለሉ ይቆፈራል፤ ወለሉ በተቆፈረ ቁጥር ሴራሚክ ይሰበራል፤ ነጩ ሴራሚክ አልቋል። አሁን መንበሩ ሥር ዓሣ አለ። ቀጥሎ የሚመጡት ካህን በምን ሐሳብ እንደሚመጡ ባላውቅም ተረፈ የተባለውን ዓሣ ጆንያ ውስጥ አስቀምጬላቸዋለሁ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ውሃ ይገባል። ክረምት በመጣ ቁጥር በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ይረጥባል፤ ቀለሙ ይነፋል፤ ኮርኒሱ ሆዱን ዘርግቶ ይንጠለጠላል። ኮሚቴው ዕቃ ቤቱ ላይ ቆርቆሮ ጣል አድርጎ «ጊዜያዊ ነው» አለን። ጊዜያዊ የሚባለውን ነገር ላሊበላን ጠይቁ። እዚያ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ እነ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ አማኑኤልን ከዝናብ ይጠብቅ ተብሎ ትልቅ የብረት መጠለያ ቆመ፤ ለጊዜው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የከተማው ሰው ይነሳልን ብሎ ሰልፍ ወጣ። ንጉሥ ከአለት የፈለፈሉትን ውሃ እንዲያ ካስቸገረው የኛ ጂፕሰም ምን ይሁን?

አንድ የሰፈር ልጅ፣ ምሕንድስና የተማረ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶ አይቶ ወረደ። «አባባ፣ ጣሪያው ደህና ነው። አሸንዳው ነው የበሰበሰው። ሞልቶ ወደ ግድግዳው ይፈሳል» አለኝ። «ስንት ይፈጃል?» አልኩት። የነገረኝ ገንዘብ ለገቢ ማሰባሰቢያ ጥሪ ወረቀት ማሳተሚያ ካወጣነው ያንሳል።

ለኮሚቴው አቀረብኩ። «ጋሼ፣ እሱ ይደርሳል» አሉኝ። ምክንያቱም አዲስ ሐሳብ ይዘዋል፣ ባለ ሁለት ፎቅ አዳራሽ። ባለ ሁለት ፎቅ! እዚያ አገር ሰው ሲሰበሰብ ዛፍ ሥር ነው፤ ዛፉ አያፈስም።

የገቢ ማሰባሰቢያው ቀን ሆቴል ተከራየን፤ ምሳውም ጥሩ ነበር። እንደ ልማዱ የእመቤታችን ሥዕል ለጨረታ ቀረበ። ያንን ሥዕል አውቀዋለሁ፤ የሚያሸንፈው ሰው ሁልጊዜ «ለቤተ ክርስቲያን መልሼ ሰጥቻለሁ» ይላል፣ ይጨበጨባል፣ ሥዕሉ ለሚቀጥለው ዓመት ጀርባው ላይ ጋዜጣ ተለጥፎ ይቀመጣል። እኔ ቀደም ብዬ አንድ ሜትር አዲስ አሸንዳ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። መድረክ ላይ ወጣሁና ገለጥኩት። «ይሄ አሸንዳ ነው፤ መነሻው የራሱ ዋጋ ነው» አልኩ። አዳራሹ ጭጭ አለ። አንዱ ብቻ «ሙዚቃ!» አለ።

በመጨረሻ ከኋላ አንድ ብረታ ብረት ነጋዴ እጁን አወጣ። የሰሜኑን በሙሉ እችላለሁ አለ፣ ግን የሱና የአባቱ ስም በጉልህ ይጻፍበት። «አሸንዳ ላይ?» አሉ ኮሚቴዎቹ፣ አፈሩ። እኔ አላፈርኩም። ፊደሉ ከታች እንዲነበብ ክንድ ክንድ ያክል ይሁን፣ በየፊደሉ መሐል ስንዝር ይተው ብዬ አስማማኋቸው። የሱና የአባቱ ስም ሲለካ ግማሹን ግድግዳ ብቻ ይሸፍናል። አሁን የአያቱንም ስም እንዲያስገባ እየለመንኩት ነው፤ ቅድመ አያቱ ከነማዕረጋቸው ከገቡ የደቡቡም ያልቅልኛል።