አንድ ሰው ብቻ የቀረው

አውቶቡስ ተራ ሁለት ዓይነት ሰዓት አለ፤ የረዳቱና የተሳፋሪው። የረዳቱ ሰዓት «አሁን» ከሚል ቃል ሌላ አያውቅም። «ጅማ! ጅማ! አንድ ሰው ብቻ የቀረው! አሁን ይወጣል!» ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ያ «አንድ ሰው» ሰባት ጊዜ ሲሳፈር ቆጥሬያለሁ (መንታ ወንድሞች ይሆናሉ እንጂ ረዳት ይዋሻል አልልም)። ሎተሪ አዟሪው ሦስቴ ተመላለሰ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ሰዓትህ ቆሟል እንዴ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ የቆመውስ አውቶቡሱ ነው።»

ዊሊያም ጄምስ የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ልቦና መጽሐፍ፣ ባዶ ጊዜ ሲያሳልፉት ይረዝማል፣ ሲያስታውሱት ግን ያጥራል ይላል። ጅማ ደርሰን «መንገዱ እንዴት ነበር?» ስንባል «ደህና» ብለን የምናልፈው ለካ ለዚህ ነው! ረዳቶቹ መጽሐፉን ሳያነቡት አልቀሩም።

በመጨረሻ ሞላን። ይሄኔ ውሃ ልገዛ ወረድ ብዬ መልስ እስክቀበል አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ቶሎ በል እንጂ ወንድሜ፣ ስንት ሰው እየጠበቀህ ነው!» ብሎ ረዳቱ ጮኸብኝ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር።